ከ70 ሴንቲ ሜትር ያነሱ ሚኒየቸር ፈረሶችን ገዝቶ ማራባት ያዋጣል?

ባለ አምስት ኤከር፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ወገኖች። የምኖረው በቴክሳስ፣ ከፎርት ዎርዝ ከተማ በስተደቡብ ባለ የገጠር ሰፈር ነው። ከቤቱ ጋር አብሮ የተገዛ አምስት ኤከር መሬት አለኝ፤ እስካሁን ያረባሁበት ፍየል ብቻ ነው። ያደግኩት ሰላሌ ውስጥ፣ ፈረስ በሚወደድበት ቤት ስለሆነ ፈረስ የማቆየት ምኞት ከልቤ ወጥቶ አያውቅም፤ ሆኖም ሙሉ ቁመት ያለው ፈረስ ለመሬቱም ለዕድሜዬም የሚመች ሆኖ ስላልታየኝ ሐሳቤ ወደ ሚኒየቸር ፈረሶች አዘነበለ።

ሰሞኑን አንድ አርቢ ዘንድ ሄጄ ሁለት ፈረሶች ተመልክቻለሁ። ባዝራዋ 28 ኢንች፣ ማለትም 71 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስትሆን ድንጉላው 26 ኢንች ወይም 66 ሴንቲ ሜትር ነው። ባዝራዋ ከዚሁ ድንጉላ አርግዛለች፤ እንደ ሻጩ አባባል ለመውለድ አራት ወር ያህል ይቀራታል። ሰውየው ሁለቱን ነጣጥዬ አልሸጥም ይላል። የሚወለደው ውርንጭላ ከእናቱም ከአባቱም ያጠረ ከሆነ እጥፍ ዋጋ እንደሚያወጣ፣ እኔም አጫጭሩን እየመረጥኩ ባራባ ጥሩ ገቢ እንደማገኝበት በሰፊው አስረድቶኛል። ድንጉላው ግንባሩ ክብ ብሎ ወጣ ያለ ነው፤ የታች ጥርሱም ከላይኛው ቀድሞ ይታያል። ሻጩ ይህንን «የሕፃን መልክ» እያለ ያሞግሰዋል፤ ልጆቼም የወደዱት በዚሁ መልኩ ነው።

የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። ፈረስ ባጠረ ቁጥር ዋጋው መጨመሩ እውነት ከሆነ ማሳጠሩ የሚያስከትለው ጉዳት ይኖር ይሆን? ባዝራዋ ስትወልድ እኔ ብቻዬን ልረዳት እችላለሁ? ፍየሎቹ የሚበሉትን መኖ አብረው ቢበሉስ? የስድስትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች አሉኝ፤ ትንሹ ቢቀመጥበት ይችለዋል? በተጨማሪም ወንድሜ ቢሾፍቱ ላይ አነስተኛ የመዝናኛ ግቢ ስላለው፣ ወደፊት አንድ ጥንድ ልልክለት አስቤአለሁ። በዚህም ላይ የሚያውቅ ቢኖር ምክሩን አይንፈገኝ።

የእንስሳት ሐኪም፣ ቨርጂኒያ፦

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ድንጉላውን በዓይኔ ሳላየው ይህ ሕመም አለበት ብዬ መናገር አይገባኝም። ሆኖም የጠቀሷቸው ሁለት ምልክቶች፣ ማለትም ያበጠ ግንባርና ወደ ፊት የወጣ የታች መንጋጋ፣ በእኛ ሥራ ከድንክነት የዘር ሕመም ጋር ተያይዘው የሚታዩ ናቸው። በዚህ ላይ እግሮቹ ከሰውነቱ ጋር ሲተያዩ አጭርና የተወላገዱ፣ ሆዱ የተዘረጠጠ፣ የአፍንጫው ቀዳዳዎችም ወደ ዓይኑ የቀረቡ ከሆነ ጥርጣሬው ይበልጥ ይጠነክራል። ጤናማ ሚኒየቸር ፈረስ መጠኑ ይነስ እንጂ አካሉ የተመጣጠነ ስለሆነ፣ አጠገቡ ሰው ያልቆመበትን ፎቶግራፍ ሲያዩ ትልቅ ፈረስ ሊመስልዎ ይገባል። የሻጩ «የሕፃን መልክ» ይህንን መመዘኛ የሚያልፍ አይመስለኝም።

የሕመሙ ዋነኛ መንስኤ ኤሲኤኤን በሚባለው ዘረመል ላይ የሚገኙ ለውጦች ናቸው። ይህ ዘረመል አጥንት የሚያድግበትን ለስላሳ ክፍል የሚገነባውን ፕሮቲን የሚያዝዝ ሲሆን፣ ለውጦቹ በላቦራቶሪ ዲ1፣ ዲ2፣ ዲ3 እና ዲ4 ተብለው ይታወቃሉ። ከወላጆቹ አንድ ቅጂ ብቻ የወረሰ ፈረስ ጤናማ መስሎ ይኖራል፤ ሁለት ቅጂ የወረሰው ግን ወይ የአካል ጉድለት ይዞ ይወለዳል፣ ወይም እንደ ለውጡ ዓይነት ከነጭራሹ በማኅፀን እያለ ይጨነግፋል። ሁለት ተሸካሚዎች ሲገናኙ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ የሚሆነው ዕድል የታመመ ጽንስ ነው። ድንጉላው ራሱ ድንክ ከሆነ ደግሞ ከእርሱ የሚወለዱት ሁሉ ቢያንስ ተሸካሚ ይሆናሉ፤ በመጠን ብቻ እየመረጠ የሚያራባ ሰው ሳያውቀው ይህንን ዘር በጋጣው ውስጥ ሊያከማች የሚችለውም በዚህ መንገድ ነው። በዓለም አጭሯ ፈረስ ተብላ የተመዘገበችው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በሚዙሪ የተወለደችው ታምቤሊና ቁመቷ 44.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር፤ እርሷም ድንክ ነበረች። ሰው በአድናቆት የሚያያት እግሮቿ ግን ክብደቷን በወጉ የሚሸከሙ ስላልነበሩ በልዩ ጫማ ይደገፉ ነበር።

ምርመራው ቀላል ነው። ከጋማው ወይም ከጅራቱ ከነሥሩ የተነቀለ ፀጉር በፖስታ ለላቦራቶሪ ይላካል፤ ለምሳሌ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዴቪስ ቅርንጫፍ የእንስሳት ዘረመል ላቦራቶሪ ይህንን ይመረምራል። ፀጉሩ ሥር ከሌለው ዋጋ ስለሌለው በመቀስ የተቆረጠ አይላኩ። ከሁለቱም ፈረሶች ውጤት ሳይመጣ ገንዘብ እንዳይከፍሉ በጥብቅ እመክርዎታለሁ።

ስለ መውለዱ የጠየቁት ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ጉዳይ ነው። በትልልቅ ፈረሶች የተወሳሰበ ምጥ እምብዛም አይገጥምም፤ በሚኒየቸር ፈረሶች ግን የጽንሱ ጭንቅላት ከእናትየው ዳሌ ጋር ስለማይመጣጠን ችግሩ በርከት ብሎ ይታያል። የባዝራ ምጥ እንደ ላም ምጥ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። የሽርት ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ውርንጭላው በ20 እና በ30 ደቂቃ መካከል ካልወጣ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። አብዛኞቹ የሚወልዱት ሌሊት ነው። በ71 ሴንቲ ሜትር ባዝራ ላይ ደግሞ የአዋቂ ወንድ እጅ ገብቶ የተጠማዘዘ አንገት ማቃናት የማይችልበት ጊዜ ስለሚያጋጥም፣ ቀዶ ሕክምና የሚሰጥ ሆስፒታል ምን ያህል እንደሚርቅ አስቀድመው ማወቅ አለብዎት። በመጀመሪያ ብቅ የሚለው ነጣ ያለው ከረጢት መሆኑ ቀርቶ ቀይና ከፈይ የመሰለ ሽፋን ከሆነ፣ የእንግዴ ልጁ ያለ ጊዜው ተላቋል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሐኪም እስኪደርስ ሳይጠብቁ ሽፋኑን ቀደው ውርንጭላውን ማውጣት ግድ ይሆናል።

ከተወለደ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲቆም፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዲጠባ፣ የእንግዴ ልጁም በሦስት ሰዓት ውስጥ እንዲወርድ ይጠበቃል። ውርንጭላ በማኅፀን ሳለ ከእናቱ የመከላከያ አቅም ስለማያገኝ እንገሩን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መጥባት አለበት፤ መጥባቱን አይተው ቢረኩም እንኳ በማግስቱ በደም ምርመራ ይረጋገጥ። ሌላው ቢቀር ይህንን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ከጎንዎ ሳይኖር ብቻዬን እወጣዋለሁ አይበሉ።

ድንጉላና ባዝራ፣ ኦክላሆማ፦

እኔ እነዚህን ፈረሶች ለብዙ ዓመታት ያራባሁ ነኝ። ዶክተሯ ስለ ድንጉላው በተናገሩት ሁሉ እስማማለሁ፤ ቁመት ማሳነስ በራሱ ነውር ነው የሚል መንፈስ ግን እንዳይያዝ አንድ ነገር ልጨምር። ዘራቸው ተመርምሮ ነፃ የሆኑ፣ እግራቸው የቀና፣ ጥርሳቸው የገጠመ 76 እና 78 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ፈረሶች አሉ፤ እንዲህ ያለውን ማራባት የሚያስወቅስ ሥራ አይደለም። የሚያስወቅሰው ሴንቲ ሜትርን ብቻ መሸጥ ነው። በእኔ ጋጣ ከ31 ኢንች ያነሰች ባዝራ ከድንጉላ ጋር አትገናኝም፤ ይህ የማኅበር ሕግ ሳይሆን የራሴ ነው። አነስ ያለ ውርንጭላ የፈለገ አርቢ አጠር ያለውን ወላጅ በድንጉላው በኩል ያድርገው፤ ባዝራዋ ሰፊ ዳሌ ይኑራት። የእርስዎ ሻጭ ሁለቱንም አሳጥሮ ነው ያገናኘው።

በአሜሪካ የታወቁት መዝገቦች ሁለት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 የተቋቋመው የአሜሪካ ሚኒየቸር ፈረስ ማኅበር ከ34 ኢንች፣ ማለትም ከ86 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ፈረስ አይቀበልም። እ.ኤ.አ. በ1972 በሼትላንድ ፖኒ ክለብ ሥር የተከፈተው ሌላው መዝገብ ግን በሁለት ምድብ ከፍሎ እስከ 38 ኢንች ድረስ ይመዘግባል። ልኬቱ የሚወሰደው እንደ ሌሎች ፈረሶች ከትከሻው ከፍተኛ ጫፍ ሳይሆን የጋማው የመጨረሻ ፀጉር ከበቀለበት ቦታ ነው። ስለዚህ ለመለካት ሲሄዱ ፈረሱ ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ በአራት እግሩ እኩል መቆሙን ያረጋግጡ፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ወይም እግሩን አንፈራጥጦ ያቆመ ሻጭ አንድ ሁለት ኢንች ለመስረቅ አይቸገርም። ወረቀት አለው መባሉም ብቻውን የጤና ማስረጃ አይሆንም፤ ማኅበሩ የድንክነት ምልክት ያለበትን ፈረስ ከመዝገብ የሚያግድ ደንብ ቢኖረውም፣ ብዙ ፈረሶች የሚመዘገቡት ገና በውርንጭላነታቸው ነውና።

ገቢውን በተመለከተ ሻጩ የነገረዎት ከእውነታው ይርቃል። ከመልካም ዘር የተገኘ፣ በውድድር ስሙ የተነሳ ፈረስ ጥሩ ዋጋ ያወጣል። ተራው ውርንጭላ ግን የእናቱን የአሥራ አንድ ወር መኖ፣ የሐኪሙንና የሰኮና ከርካሚውን ሒሳብ ሲያወራርዱ አብዛኛውን ጊዜ ኪሳራ ነው፤ አንድ ቀዶ ሕክምና ከገጠመ ደግሞ የበርካታ ዓመት ትርፍ ይዞ ይሄዳል።

የሁለት ሰንጋዎች ባለቤት፣ ሚኒሶታ፦

እኔ አርቢ አይደለሁም። ሁለት የተኮላሹ ሰንጋዎች ብቻ ነው ያሉኝ፤ ለቤተሰብ የሚሆነውም እንዲህ ያለው ነው ብዬ አምናለሁ። ድንጉላ መጠኑ ያነሰ ስለሆነ ጠባዩ የሚለወጥ አይደለም፤ ይነክሳል፣ ይራገጣል፣ አጥር ይጥሳል፤ ከስድስት ዓመት ሕፃን ጋር አንድ ግቢ መዋል የለበትም። ፈረስ ብቻውን መኖር የማይወድ እንስሳ በመሆኑ ግን አንድ ብቻ አይግዙ፤ ፍየል እንደ ጓደኛ አይሞላለትም።

ስለ ፍየሎቹ መኖ የጠየቁትን ማንም ሳይመልስ ስላለፈ እጅግ አስደነገጠኝ። ለፍየልና ለከብት የሚዘጋጅ አንዳንድ መኖ ሞነንሲን የሚባል መድኃኒት አለበት። ለፍየሉ ከተቅማጥ መከላከያው ነው፤ ለፈረስ ግን የልብ ጡንቻን የሚያጠፋ መርዝ ነው፤ እንዲህ ላለ ትንሽ ፈረስ ደግሞ ጥቂቱ ይበቃዋል። ፍየሎቹ የሚበሉበት ቦታ ፈረስ በማይደርስበት አጥር ይከለል። በእናንተ አካባቢ የአልፋልፋ ድርቆሽ ስትገዙም ብሊስተር ቢትል የሚባለው ጥንዚዛ አብሮ ታጭዶ እንዳይገባ ሻጩን ጠይቁ፤ ጥንዚዛው ከሞተና ከደረቀ በኋላም መርዙ ውስጡ ይቆያል።

ከዚያ ውጭ አመጋገባቸው ቀላል ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ሰው ሲራራ ነው። 90 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን አንድ ኪሎ ተኩል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ድርቆሽ ይበቃዋል። አምስት ኤከር ለምለም ሣር ላይ ቀኑን ሙሉ ከለቀቁት ይወፍራል፤ ከውፍረቱም የሰኮና ብግነት ይከተላል፤ ያ የያዘው ፈረስ የፊት እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ መሬት መርገጥ እየፈራ ይቆማል። በክረምት ፀጉሩ ስለሚጎፍር ውፍረቱም ክሳቱም በዓይን አይለይም፤ በየሳምንቱ ጣትዎን ፀጉሩ ውስጥ አስገብተው ጎኑን ይዳብሱ፤ አጥንቱ በቀላሉ ለጣት ሊሰማ፣ ለዓይን ግን ሊሰወር ይገባል። ወፍሯል ብለው ደግሞ በድንገት እንዳያስርቡት። እነዚህ ፈረሶች በተለይ ሲያረግዙና ሲያጠቡ መብላት ካቆሙ በሰውነታቸው የተከማቸው ስብ ወደ ደም ይጎርፋል፤ የደሙ ውሃ ወተት መስሎ ይነጣል፤ ጉበታቸውም ይጎዳል። ባዝራዎ አንድ ቀን ሙሉ አልበላም ካለች ነገ እናያለን የሚባልበት ጉዳይ አይደለም።

የትል መድኃኒቱ በቱቦ የሚሸጠው ለትልቅ ፈረስ ተመጥኖ ነው፤ በመግፊያው ላይ ያለውን ቀለበት በፈረስዎ ክብደት ላይ አቁመው ነው የሚሰጡት። ከሞክሲዴክቲን ዓይነቱ ይበልጥ ይጠንቀቁ፤ መጠኑ ሲበዛ ትንንሾቹን ይመርዛል። ጥርሳቸው ለመንጋጋቸው ስለሚበዛባቸው በየዓመቱ ይታይላቸው፤ ሰኮናቸውም በየስድስት ወይም በየስምንት ሳምንቱ ይከርከም። አጥር ሲሠሩ ፈረሱ እንዳይወጣ ብቻ ሳይሆን ውሻ እንዳይገባ ያስቡ፤ በእኛ ሰፈር ከበሽታ ይልቅ የጎረቤት ውሻ ነው ያስቸገረው።

ልጅ መቀመጡን በተመለከተ፣ ፈረስ ከክብደቱ አምስት አንዱን ያህል ይሸከም ቢባል እንኳ 80 ኪሎ የሚመዝነው 16 ኪሎ ብቻ መሆኑ ነው፤ ኮርቻውም ከዚያው ይቆጠራል። የስድስት ዓመት ልጅ ከዚያ ይበልጣል። ጋሪ ግን ይጎትታሉ፤ አጥንታቸው ከጠና በኋላ በቀስታ ከተለማመዱ ከመሸከም የተሻለ አቅም አላቸው። የእኔ ልጆች ዛቡን ይዘው በጋሪ መሄድን ከመጋለብ በላይ ወደውታል።

ባለ አምስት ኤከር፦

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። ሻጩን ስለ ፀጉር ምርመራው ጠየቅኩት፤ ለባዝራዋ ፈቀደ፣ ለድንጉላው ግን «ውድድር ያሸነፈ ፈረስ ምርመራ አያሻውም» ብሎ ከለከለ። ከዚያ በኋላ ባዝራዋን ብቻ ሊሸጥልኝ ተስማማ፤ ትናንት አጥብቆ ነጣጥዬ አልሸጥም ያለው ሰው ዛሬ መለሳለሱ ራሱ አጠራጥሮኛል። የልጆቼ ነገር ሆኖ ባዝራዋን መተው ከብዶኛል። የቢሾፍቱውን ጥያቄ ግን እስካሁን የመለሰልኝ የለም።

የጋሪ ፈረስ ሐኪም፣ ቢሾፍቱ፦

ወንድሜ፣ ከቢሾፍቱ ነው የምጽፍልህ፤ አትላካቸው ብዬ ብጀምር እንዳትቀየመኝ። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ እዚህ በየጊዜው የሚነሳ በሽታ ነው። የሚያስተላልፉት በዓይን እምብዛም የማይለዩ ተናካሽ ትንኞች ናቸው፤ ክረምቱ ሲወጣና ውሃ ሲያቁር ይበረታል። የእኛ ፈረሶች ከትውልድ ትውልድ አብረውት ስለኖሩ የተወሰነ መቋቋሚያ አላቸው፤ ከቴክሳስ የመጣ ፈረስ ግን ትንኙ የያዘውን ቫይረስ ጨርሶ አያውቀውም። ሳንባው ውሃ ሲይዝ በአፍንጫው አረፋ ይደፍቃል፤ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ያብጣል፤ ከበሽታው ጋር ተገናኝተው ከማያውቁ ፈረሶች መካከል የሚተርፈው ጥቂቱ ነው። ክትባቱን እዚሁ ከተማችን ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርታል፤ ይሁን እንጂ ቫይረሱ ዘጠኝ ዓይነት ሲሆን አንዱን ዓይነት የሚከላከል ክትባት ለሌላው ሙሉ ዋስትና አይሆንም።

መንገዱም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ሐሳብህን ቀይረህ ልመልሳቸው ብትል አሜሪካ ይህ በሽታ ካለበት አገር የሚገባን ፈረስ ለ60 ቀናት በለይቶ ማቆያ ታስቀምጣለች፤ ወጪው ከፈረሶቹ ዋጋ በላይ መሆኑ የሚያጠራጥር አይመስለኝም። ጅብንም አትርሳ። እዚህ ሙሉ ፈረስም አህያም በሌሊት ይበላል፤ ወገብህ ድረስ የማይደርስ እንስሳ በግንብ ካልታጠረና በር ካልተዘጋበት አያድርም።

ወንድምህ ግቢውን ማድመቅ ከፈለገ ሰላሌ ወይም አርሲ ሄዶ ገራም የሆኑ ሁለት ሰንጋዎች ይግዛ። ቁመታቸው 1 ሜትር ከ30 ገደማ ቢሆን ነው፤ ለልጆችም ይመቻሉ፤ አየሩንም በሽታውንም ለምደውታል። በኮርቻና በልጓም ቁስል የተጎዳ እንዳይሆን ጀርባውንና የአፉን ግራና ቀኝ እየዳበሰ ይምረጥ።

የእንስሳት ሐኪም፣ ቨርጂኒያ፦

ጋሼ፣ ባዝራዋን መግዛትዎ የማይቀር ከሆነ ቅደም ተከተሉን ልንገርዎ። የፀጉር ውጤቷ በመጀመሪያ ይምጣ። ከለውጦቹ ነፃ ከሆነች ውርንጭላዋ ቢበዛ ተሸካሚ ይሆናል እንጂ በዚህ ዘረመል ምክንያት ድንክ ሆኖ አይወለድም። ተሸካሚ ከሆነች ግን ለዚህ እርግዝና የሚከፍሉት ለአደጋ ነው፤ ሻጩ እስክትወልድ ድረስ እርሱ ዘንድ ያቆያት።

ነፃ ሆና ከገዟት ቴታነስን፣ የእብድ ውሻ በሽታን፣ ዌስት ናይልንና የፈረስ የአንጎል ብግነትን የሚከላከሉት ክትባቶች ከመውለዷ ከአንድ ወር እስከ አንድ ወር ተኩል አስቀድመው ይሰጧት፤ መከላከያው በእንገሩ በኩል ለውርንጭላው ይደርሳል። ግጦሽዋ ላይ ቶል ፌስክዩ የሚባለው ሣር ካለ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ከዚያ ያውጧት፤ በሣሩ ውስጥ የሚኖረው ሻጋታ ወተቷን ያደርቃል፣ እርግዝናዋንም ያለ ልክ ያራዝማል። ጡቷ ሲያግት በየማታው ጥቂት ጠብታ አልበው በፒኤች መለኪያ ወረቀት ይመርምሩ። ከ7 በላይ የነበረው ወደ 6.4 ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ የመውለጃዋ ሰዓት ተቃርቧል ማለት ነው፤ ካሜራ ይስቀሉ፣ የሐኪሙን ስልክ በእጅዎ ይያዙ፣ ተጎታቹንም ከመኪናው ጋር አገናኝተው ይደሩ። ውርንጭላው ወንድ ከሆነ ጡት ከጣለ በኋላ ከእናቱ ጋር አብሮ እንዳይለቁት፤ ዓመት ሳይሞላው የሚኮላሽበትን ቀን ከሐኪምዎ ጋር ከወዲሁ ይቁረጡ።